የራሴን ቁልፍ የረሳሁበት ሳምንት

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ «መምህር፣ ትንሽ ጨመሩበት» ይሉኛል። አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ለእነሱ ስናገር የዋሸሁበትን ክፍል እዘለዋለሁ። ለእናንተ አልዘለውም፤ እሱ ከሌለ የቀረው አይገባችሁም።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ልጅ ገና አልወለድንም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮዋን ሲመታት ሰው ከሰው የማታነጋግር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። በሙያዬ እተማመን ነበር፤ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምላት አንዲት ነገር ነበረችኝ፦ «መሸምደድ የድሮ ሰው ሥራ ነው። ጭንቅላታችሁን አስቡበት፤ ማስታወሱን ለማሽን ተዉለት።» ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ፈተናው የቀለለላቸው ይመስላቸዋል።

ከአጥራችን ቀጥሎ የኔታ ፈንታ ይኖራሉ። የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ መምህር ናቸው። ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደው በልጅነታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተማሩትን ሁሉ በጆሮ ተማሩ፣ ያስተማሩትንም ሁሉ በቃል አስተማሩ። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል። እኔ ጥርሴን እየፋቅኩ እሰማለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረኝም።

ነገሩን የጀመረችው ትርንጎ ናት። «እኚህ ሰው አንድ ቀን ያልፋሉ። የያዙት ሁሉ የት ይገባል?» አለችኝ። ጥሩ መቅረጫ ነበረኝ፤ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እምቢ አሉ።

«ጓደኛዬን እንዲሁ ብለው ቀዱት» አሉኝ። «ቆራርጠው በየስልኩ በተኑት። አንድ ቀን መናኸሪያ ቆሜ ወረቡ ከሰው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሰውዬው ‹ሃሎ› ብሎ ከመሀል ቆረጠው። የእኔንም እንዲያ እንዲያደርጉት አልፈልግም።»

«ቆልፌ ባስቀምጠውስ?»

«ድምፅ ይቆለፋል እንዴ?»

ይቆለፋል አልኳቸውና ያሰብኩትን አስረዳሁ። ቤት ውስጥ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ፤ ሁለት ዲስክ አስገባበታለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። በገመድ ከኢንተርኔቱ ሳጥን ጋር ስለማገናኘው እኔም ትርንጎም ከየላፕቶፓችን ሆነን እንከፍተዋለን። ዲስኩ ላይ የሚገባው ነገር ሁሉ ግን አስቀድሞ በምስጢር ቃል ይመሰቃቀላል። ቃሉን የማያውቅ ሰው ሲከፍተው የሚያገኘው ገለባ ነው።

የኔታ ሲሰሙኝ ቆዩና እንደ ዳኛ መጠየቅ ጀመሩ።

«ሌባ ማሽኑን ቢወስድስ?»

«ብረቱን ወሰደ እንጂ ድምፅዎን አላገኘም።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ሌላ ቅጂ እብናት ወንድሜ ቤት ይቀመጣል። እሱም በዚያው ቃል የተቆለፈ ነው።»

«አንተ ብትሞትስ?»

ሳቅሁ። «ቃሉን በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ለሚታመን ሰው እሰጣለሁ።»

«መቼ?»

«በዚሁ ሳምንት።»

«እንግዲያስ ይሁን» አሉ።

የምስጢሩ ቃል የልደት ቀን ወይም የልጅ ስም ከሆነ በቀላሉ ይገመታል። ስለዚህ ምንም ግንኙነት የሌላቸው ስምንት ቃላት በዕጣ እንዲወጡ ፈለግሁ። ትርንጎን «ያገኘሽውን ቃል ጻፊልኝ፣ ምን እንደሆነ አትንገሪኝ» አልኳትና ሁለት መቶ ቁርጥራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሷ የትምህርት ቤት ስብሰባ ሄዳ፣ የኔታ ለመጀመሪያው የድምፅ ቅጂ እኛ ቤት መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ወረቀቶቹን በሰፌድ አናውጬ ስምንት አወጣሁ። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። በላቲን ፊደል እየጻፍኩ ማሽኑ ላይ አስገባኋቸው። ከዚያ ወረቀቶቹን በሙሉ አቃጠልኩ።

ፖስታው ግን አልታሸገም። በዚያ ሳምንት አልሆነም፣ በቀጣዩም አልሆነም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ቃሉን አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ የምከፍተው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ ትርንጎ ከዚያ በኋላ ያለ ቃሉ ትገባለች፤ ጣቶቼ ሳላስብ ይጽፉታል፤ ማን ይረሳዋል?

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዳን። የዓመቱን በዓላት ጨረስን። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት፣ ከእሳቸው ሌላ አሟልቶ የያዘው ሰው መኖሩን የማያውቁት አንድ የአረጋገጥ፣ የእግር አመታት ስልት ነበር፤ እሱንም በእግራቸው እየመቱ፣ በቃል እያስረዱ ቀዳነው። የተጨረሰው በግንቦት ነበር። በሰኔ ጉሮሯቸውን አመማቸው፤ ሩቅ ሄደው ታከሙ፤ ሕይወታቸው ተረፈ። ድምፃቸው ግን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ የሚወጣቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣ ነገር ቀረ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋሳይ ሄጄ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ጠግኜ ስመለስ ሚኒባሳችን ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም። እኔ ቀኝ እጄ ተሰበረ፤ ጭንቅላቴም ከመስታወቱ ጋር ተማታ። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛሁ። የመጀመሪያውን ቀን አላስታውሰውም። ትርንጎ ስለ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ እንደጠየቅኋት ትናገራለች፤ ጥያቄውንም አላስታውሰውም።

ቤት የገባሁ ዕለት መሪጌታ ልሳኑ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ የየኔታ የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር፣ ወንበራቸውን የሚወርሰው ሰው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው፤ ግን ጉዳይም ነበረው።

«የደብረ ታቦር በዓል ደርሷል» አለኝ። «ነሐሴ አሥራ ሦስት ካህናቱን የምመራው እኔ ነኝ። ያን የመምህራቸውን ስልት እንዳወጣ አዘውኛል። ሳይታመሙ ጀምረውልኝ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ቦታ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። እሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ በሹክሹክታ ዜማ አይስተካከልም። ቅጂውን ልስማ።»

«ነገ ና» አልኩት።

ሲወጣ ማሽኑን ከፈትኩት። እኔ ሐኪም ቤት ሳለሁ መብራት ጠፍቶ ነበርና ቃሉን ጠየቀኝ። ግራ እጄን ሰሌዳው ላይ አደረግሁ። ምንም አልመጣም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የገዛ ቤታችሁ በር ላይ ቆማችሁ ግድግዳ ብቻ እንደማየት ነው። ቃሉን ቀኝ እጄ ነበር የሚያውቀው፤ ቀኝ እጄ ደግሞ በጄሶ ታስሯል። ጣቶቼን በጄሶው ውስጥ ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ፤ ከሕመም በቀር የነገሩኝ የለም። «ቀንበር» የሚል ቃል ያለበት መሰለኝ። አንዳንዴ ደግሞ «ቀለበት» ይመስለኛል። በግራ እጄ እየለቀምኩ ሞከርኩ፣ ሞከርኩ። ማሽኑ እያንዳንዱን ጊዜ ያችኑ ቀዝቃዛ መልስ ይመልሳል። የእብናቱ ቅጂ ትዝ ሲለኝ ለአፍታ ልቤ ተነሣ፤ ከዚያ እሱም በዚያው ቃል እንደተቆለፈ ትዝ አለኝ። እኔ ራሴ ነኝ የቆለፍኩት። ስሠራውም ማንም ሰው፣ የትኛውም ባለሙያ ሊሰብረው እንዳይችል አድርጌ ነው የሠራሁት። ሥራዬ እንከን አልነበረውም። ያስፈራኝም እሱ ነበር።

በማግስቱ ልሳኑ መጣ። «መብራቱ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ማሽኑን ነካብኝ» አልኩት። ዋሸሁ። በሦስተኛው ቀንም መጣ። «ዕቃ ከባሕር ዳር አዝዣለሁ» አልኩት። ይህም ውሸት ነበር። ሰውየው አመስግኖኝ፣ «እጅህን እግዚአብሔር ይማርልህ» ብሎኝ ሄደ። ትርንጎ ከበሩ ሥር ቆማ ሰምታኛለች።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ።

«እስኪመጣልኝ ጊዜ እየገዛሁ ነው።»

«ባይመጣልህስ? ሰውየው በሕዝብ ፊት ቆሞ ሊሳሳት ነው። ሄደህ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? የዕድሜ ልክ ነገርዎን ቆልፌ ቁልፉን ዋጥኩት ልበል?»

«አዎ» አለች። «እንደዚያ በል።»

አልሄድኩም። እሳቸው መጡ። ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ከምሳ በፊት፣ የልሳኑን ትከሻ ይዘው በዝናቡ ውስጥ መጡ። ትርንጎ ነጠላቸውን ተቀብላ አስቀመጠቻቸው። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሹክሹክታቸውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

«ልጄ፣ ልሳኑ ያልከውን ነገረኝ። ይህን ስትለው ድምፅህ ምን ይመስል ነበር አልኩት። ሲያስመስልልኝ ውሸት እንደሆነ ገባኝ። ምን ሆነሃል?»

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፖስታውን፣ ጄሶውን፣ መብራቱንና የባሕር ዳሩን ዕቃ። ልሳኑ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔ የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ወይ ያ ከቁጣ የሚብሰው የሽማግሌ ዝምታ። የኔታ ግን ግንባራቸውን ብቻ ቋጠሩ፤ ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

«ቃሉ ማለት ያ ከሰፌድ ያወጣኸው ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

አልገባኝም። ትርንጎ ግን ገብቷታል መሰለኝ፣ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዝም በሉልኝ» አሉ። ራሳቸውን ወደ መቋሚያቸው ደፉ። ዝናቡም እያባራ ነበር። «ቅዳሜ ነው» ብለው ጀመሩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እሷ የለችም። ወረቀት በሰፌድ ላይ ይንኮሻኮሻል። አንተ ከበስተ ግራዬ ነህ፤ ጉንፋን ይዞሃል።» ከዚያ እግራቸው ወለሉን መታ፤ አንዴ፣ ቆየት ብሎም ሁለቴ። በዚያ ምት ላይ፣ ድምፅ በሌለው ጉሮሮ፣ እንዲህ አሉ፦

«ቀንበር። ጤዛ። ሚዶ። መሰላል።»

ቃላቱን ስሰማቸው አወቅኋቸው። ያን ቅዳሜ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአፌ የወጡ ናቸው።

እግራቸው አንድ ምት ዘለለ።

«ሰም። በቅሎ። ሎሚ» አሉና ቀና አሉ። «አምስተኛው የለኝም። ስትለው በረዶ ወረደና ቆርቆሮው ዋጠው። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አሉኝ። እኔን።

«ግን» አሉ ቀጥለው፣ «ስታነበው ስቀሃል። በረዶው ሳቅህን አልሸፈነውም። በአፍንጫህ ነው የሳቅኸው፤ ያፈርክ ይመስላል።»

ሁለት መቶ ቃል ውስጥ የሚያስቀኝ ምን ነበር? ራሴን ያዝኩ። ወረቀቱ ተቃጥሏል። ዞር ስል ትርንጎ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እንዲያስቅህ ብዬ አንዲት ጨምሬበት ነበር። ከወጣች ትስቃለህ፣ ካልወጣች ትቃጠላለች ብዬ። በኋላ ስላልነገርከኝ ያልወጣች መስሎኝ።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

የኔታን አየት አድርጋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ጓጉንቸር።»

እናቴ ብቻ የምትጠራኝ የልጅነት ስሜ ነው። ዓይኔ ስለሚያፈጥ ነው ያወጣችልኝ፤ ለትርንጎ የነገረቻት በሠርጋችን ማግስት ነው። ልሳኑ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። የኔታ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሳቃቸው ድምፅ አይሰማም፣ ግን ይስቃሉ።

በግራ እጄ፣ ፊደል በፊደል፣ ስምንቱን ጻፍኩ። ማሽኑ አሰበ። ስህተት ነው አለኝ።

ሳቃችን በአንዴ ጠፋ። «ሌላ ቃል ይሆናል» አለች ትርንጎ በቀጭን ድምፅ። አይደለም፤ ይህች ቃል መሆኗን ሰውነቴ ያውቃል። ታዲያ ምንድን ነው? «ጓ» የምትለዋን ፊደል ቀስ ብዬ አየኋት። በላቲን ስጽፋት በሁለት መንገድ ልጽፋት እችላለሁ። አጠፋሁና በሌላኛው መንገድ ጻፍኳት።

ማሽኑ እንደገና አሰበ። ከዚያ የቅጂዎቹ ዝርዝር፣ ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ መጨረሻው፣ ከላይ እስከ ታች ተዘረገፈ።

እልል ያለችው ትርንጎ ናት። የደብረ ታቦርን በዓል ፈልጌ ድምፁን ከፈትኩት። ያ አጥር ይሻገር የነበረው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከሰኔ ወዲህ ማንም አልሰማውም፤ ባለቤቱም ጭምር። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። መቋሚያቸው ሳያውቁት ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። ልሳኑ የተጠራጠረባቸው ሁለት ቦታዎች ሲደርሱ በመቋሚያው ጫፍ ጉልበቱን ነካ ነካ ያደርጉታል። ሲያልቅ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ይህ ሰው ድምፅ ነበረው» አሉ። ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገሩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል አሁን ቁልፉን ቀይረው። እኛ ሁላችንም ሰምተነዋል» አሉኝ።

ቀየርኩት፤ የእብናቱንም ጭምር። ለዚህ ነው አሮጌዎቹን ቃላት ያለ ፍርሃት የጻፍኩላችሁ። አዲሱን በዚያው ዕለት በወረቀት ጽፈን፣ በሁለት ፖስታ አሽገን፣ አንዱን ለልሳኑ ሰጠሁ፤ ሌላውን ትርንጎ እኔ የማላውቀው ቦታ አኖረችው። ነሐሴ አሥራ ሦስት ልሳኑ መራ። እኔ እጄን በአንገቴ አንጠልጥዬ ከሕዝቡ መሀል ቆምኩ። ካህናቱ ያን ስልት ሲረግጡ የኔታ ከበስተኋላ ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ስለ ማሽን ምክር ልስጣችሁ ብል ቀላል ነው፤ ቆልፉ፣ ቅጂ ያዙ፣ ቁልፉን ግን በአንድ ጭንቅላት ብቻ አታኑሩት። እኔ ይህን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የለወጠኝ እሱ አይደለም። የለወጠኝ ያ ክፍል ውስጥ የምላት የነበረች አነጋገር አፌ ላይ እምቢ ማለቷ ነው። መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ፊት ቆሜ «መሸምደድ» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ። ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ትምህርት ጽፌ ቀጠልኩ። አቋቋሙን ልሳኑ ያስተምረኛል፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የያዝኩት ትንሽ ነው፣ በቀላሉም ያመልጠኛል።

በቅርቡ የኔታን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «እነዚያ ቃላት እኮ ትርጉም የላቸውም። እንዴት ያዟቸው?»

«ትርጉም ስለሌላቸው ዜማ ሰጠኋቸው» አሉኝ። «የእኔ ነገር የሚታሰርበት ገመድ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጥቼህ ነበር።»

«የሚረሱት ነገር አለ?»

መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ልረሳው የምፈልገው አለ» አሉ በሹክሹክታ። «ዓይኔ የጠፋ ሰሞን አባቴ እናቴን ‹ከእንግዲህ ይህ ልጅ ምን ይሆናል? ባይተርፍ ይሻለው ነበር› አላት። የተኛሁ መስሎት ነው። ቃሉ ከነድምፁ አለ። አንተ ከማሽንህ ላይ እንደምታጠፋው የሚጠፋበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በላዩ ላይ ዜማ እደራርብበታለሁ፤ ይኸው ሰባ ዓመት።»